ከዋና ከተማ ርቆ ኩላሊት መትከል

የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማለት ኩላሊቶቹ ሥራቸውን ላቆሙበት ሕመምተኛ፣ በሕይወት ካለ ወይም ከሞተ ለጋሽ የተወሰደ አንድ ጤናማ ኩላሊት በቀዶ ሕክምና መትከል ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ100,000 በላይ ሰዎች በዚህ መንገድ አዲስ ኩላሊት የሚያገኙ ሲሆን፣ ሥራው ውስብስብ፣ ውድና ብዙ ባለሙያ የሚጠይቅ በመሆኑ በተለይ በድሃ አገሮች ንቅለ ተከላ የዋና ከተማ፣ ያውም የአንድ ወይም የሁለት ሆስፒታል ሥራ ተደርጎ ይታያል። ይህ እይታ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ሆኖም ግብፅ ውስጥ መንሱራ፣ ኬንያ ውስጥ ኤልዶሬት፣ ሱዳን ውስጥ ዋድ መደኒ ሥራውን ይዘው ስለተገኙ፣ ከዋና ከተማ የራቀ ሆስፒታል ኩላሊት መትከል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ ካገኘ ቆይቷል። የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለ ሆስፒታል የተከለውን ኩላሊት አምስትና ዐሥር ዓመት ማቆየት የሚችለው ምን ሲሟላለት ነው?

የሕክምናው ታሪክ ራሱ የጀመረው በታላቅ ከተማ አይደለም። ከሰው ወደ ሰው የተደረገውን የመጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ1933 ያካሄደው በዩክሬን ደቡብ፣ በድኒፕሮ ወንዝ ዳር በምትገኘው በኼርሶን ከተማ ይሠራ የነበረው ዩሪ ቮሮኒ ሲሆን፣ ሐኪሙ በጭንቅላት ጉዳት ከሞተ ሰው የወሰደውን ኩላሊት በሜርኩሪ ተመርዛ ኩላሊቶቿ ሥራ ባቆሙባት ወጣት ሴት ጭን ላይ ተከለው። የለጋሹና የተቀባይዋ የደም ዓይነት የማይጣጣም ከመሆኑም በላይ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ባዕድ አካልን የሚያጠቃበት መንገድ ገና በቅጡ ስላልታወቀ፣ ሴትዮዋ ከሁለት ቀን በኋላ አረፈች። ስኬቱ የተገኘው ከ21 ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1954፣ ጆሴፍ መሪ በቦስተን ከተማ ከአንዱ መንታ ወንድም ኩላሊት ወስዶ ለሌላው ሲተክል ነበር፤ ወንድማማቾቹ ከአንድ ፅንስ የተከፈሉ መንታዎች በመሆናቸው የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ራሱ ቆጠረው። መንታ ለሌለው ለቀረው ሰው መንገዱን የከፈቱት መድኃኒቶች ናቸው፤ በ1960ዎቹ አዛታዮፕሪን፣ በ1980ዎቹ ሳይክሎስፖሪን፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ታክሮሊመስ። ኼርሶን የጎደላት የቀዶ ሐኪም እጅ ሳይሆን ላቦራቶሪውና መድኃኒቱ ነበር ማለት ይቻላል፤ ዛሬም ከዋና ከተማ በራቁ ሆስፒታሎች የሚጎድለው በአብዛኛው ይኸው ነው።

ቀዶ ሕክምናው ከውጭ ሲታሰብ የሚመስለውን ያህል ረቂቅ አይደለም። ሁለት ክፍሎች ጎን ለጎን ተዘጋጅተው በአንደኛው ለጋሹ፣ በሌላው ተቀባዩ ይተኛል። ከለጋሹ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የግራው ኩላሊት ሲሆን፣ ምክንያቱም ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው የደም ሥር፣ ደም መልሱ፣ በግራ በኩል ረዘም ያለ ስለሆነ ለመስፋት ይመቻል። የወጣው ኩላሊት በበረዶ ላይ ተቀምጦ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ሲለቀቅበት በውስጡ የቀረው ደም እየታጠበ ይወጣል፤ መልኩም ከቀይ ቡናማነት ወደ አመድማነት ይለወጣል። የተቀባዩ የራሱ ኩላሊቶች በአብዛኛው ከቦታቸው አይነሡም። አዲሱ የሚቀመጠው ከእምብርት በታች፣ ወደ ዳሌ አጥንት ጠጋ ብሎ ሲሆን፣ ሐኪሞቹ በማጉያ መነጽር እያዩ የኩላሊቱን ደም ቅዳና ደም መልስ፣ ማለትም ደም የሚያስገባውንና የሚያስወጣውን የደም ሥር፣ ወደ እግር ከሚወርዱት ታላላቅ የደም ሥሮች ጋር በቀጭን ክር ይሰፋሉ። ከዚያ መቆንጠጫዎቹ ይለቀቃሉ። አመድማው ኩላሊት ወዲያው መቅላትና መወጠር ይጀምራል፤ ሁሉም ነገር ከሰመረ ደቂቃዎች ሳይቆዩ፣ ገና ከፊኛ ጋር ካልተሰፋው የሽንት ቱቦ ጫፍ ሽንት ጠብ ጠብ ይላል። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ታስሮ ደሙ ሲታጠብለት ለኖረና ምናልባት ለወራት ሽንት ላልሸና ሰው ይህ ጠብታ የሚሰጠው ትርጉም በሕክምና መጽሐፍ የሚገለጽ አይደለም።

የደም ሥርና የሽንት አካላት ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ማንኛውም ጠንካራ የማስተማሪያ ሆስፒታል ይህን ክህሎት በሥልጠናና በልምድ ሊይዘው ይችላል። ካሜራ የሚቀርጸውም፣ ባለሥልጣን ሪባን የሚቆርጥለትም ይህ ክፍል ነው። የተተከለው ኩላሊት ዕድሜ ግን የሚወሰነው በአብዛኛው ማንም በማይጎበኛቸው ሁለት ቦታዎች፣ በላቦራቶሪውና በተመላላሽ ሕክምናው ክፍል ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚሠራውን የማጣጣሚያ ምርመራ ጠጋ ብሎ መመልከት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ከለጋሹ ደም ሊምፎሳይት የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ለይታ ታወጣና በተቀባዩ ሴረም፣ ማለትም ከደሙ ተለይቶ በወጣው ጥርት ያለ ፈሳሽ ውስጥ ትጨምራቸዋለች፤ ቀጥላም የመከላከያ ሥርዓቱን ሥራ የሚያሟላ ፕሮቲንና የሞቱ ሕዋሳትን ብቻ የሚያቀልም ማቅለሚያ አክላ በማይክሮስኮፕ ትመለከታለች። ሕዋሳቱ ብርሃናቸውን ጠብቀው ከታዩ ሕያዋን ናቸውና መንገዱ ክፍት ነው፤ ማቅለሚያውን ስበው ከጠቆሩ ግን በተቀባዩ ደም ውስጥ የለጋሹን ሕዋሳት ለመግደል የተዘጋጁ ፀረ እንግዳ አካላት አሉ ማለት ነው። ይህን ምልክት አልፎ የተተከለ ኩላሊት በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ደሙ ረግቶበት ሐኪሞቹ ፊት ሊጠቁር ይችላል። ምርመራው ሕያዋን ሕዋሳትን ስለሚፈልግ ናሙናው በመንገድ ላይ ሊውል ሊያድር አይገባውም፤ ስለሆነም የራሱ ላቦራቶሪ የሌለው የክልል ሆስፒታል ብዙ ጊዜ ለጋሹንና ተቀባዩን ራሳቸውን ወደ ዋናው ከተማ ለመላክ ይገደዳል።

እነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት ከየት እንደሚመጡ ሲታይ ጉዳዩ ሌላ ነገር ይገልጣል። አንድ ሰው ከሌላ ሰው ሕዋሳት ጋር የሚተዋወቅባቸው ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው፤ እርግዝና፣ ቀደም ሲል የተደረገ ንቅለ ተከላና ደም መውሰድ። የኩላሊት ሕመም የደም ማነስን ያስከትላል፤ ጤናማ ኩላሊት መቅኔ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲሠራ የሚያዝዘውን ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫልና። በመርፌ የሚሰጠው ኤሪትሮፖይቲን ዋጋው ውድ፣ አቅርቦቱም ተቆራራጭ በሆነበት ቦታ ሐኪሙ ሕመምተኛውን ለማትረፍ ያለው አማራጭ ደም መስጠት ነው። ስለዚህ በአንድ ትንሽ የእጥበት ማዕከል ዛሬ የተሰቀለ የደም ከረጢት ከሦስት ዓመት በኋላ የወንድምን ወይም የእናትን ኩላሊት የማይቻል ሊያደርገው ይችላል። የክልል ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ባይሠራም እንኳ በንቅለ ተከላው ውጤት ውስጥ እጁ አለበት፤ ይህ ግን በዕቅድ ሰነዶች ውስጥ እምብዛም አይነሣም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ሕይወት በመድኃኒት ላይ የቆመ ነው። ተቀባዩ ኩላሊቱ እስካለ ድረስ የሰውነቱን መከላከያ የሚያረግቡ መድኃኒቶችን፣ አብዛኛውን ጊዜ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎንን፣ ያለ ማቋረጥ ይወስዳል። ከሦስቱ ታክሮሊመስ እጅግ ጥንቃቄ የሚሻ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ዝቅ ካለ ሰውነት ኩላሊቱን ማጥቃት ይጀምራል፣ ከፍ ካለ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይመርዛል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ስኳር በሽታ ያመጣል። በሚፈለገውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት በአንድ ሚሊ ሊትር ደም የጥቂት ናኖግራም ልዩነት ነው፤ ናኖግራም የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። በዚህ ምክንያት ተቀባዩ የክትትል ቀኑ ሲደርስ የጠዋቱን ክኒን ሳይውጥ፣ በኪሱ እንደያዘ ይመጣል፤ ደም ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ ይውጠዋል፣ ውጤቱ ሲደርስ መጠኑ ይስተካከልለታል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ በሳምንት አንዴና ከዚያም በላይ የሚደጋገም ሲሆን፣ መለኪያው ያለው በሌላ ከተማ ከሆነ በየጊዜው የአውቶቡስ፣ የአልጋና የአስታማሚ ወጪ አለበት።

በኢትዮጵያና በጎረቤት አገሮች ነገሩን የበለጠ የሚያወሳስበው የሳንባ ነቀርሳ ነው። መከላከያው የረገበ ሰው ለነቀርሳ የተጋለጠ ሲሆን፣ ከነቀርሳ ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ጉበት ታክሮሊመስን በፍጥነት እንዲሰባብር ስለሚያደርግ በደም ውስጥ ያለውን መጠን በጥቂት ቀናት ያወርደዋል። በአንድ ጤና ጣቢያ በመመሪያው መሠረት ትክክለኛውን የነቀርሳ ሕክምና የጀመረ ጤና ባለሙያ፣ ንቅለ ተከላውን ለሠራው ሆስፒታል ስልክ ካልደወለ፣ ምንም ስሕተት ሳይሠራ ኩላሊቱን ሊያሳጣ ይችላል።

ከዋና ከተማ ውጭ ስለተሠራ ንቅለ ተከላ ሲነሣ ከሁሉ በፊት መጠቀስ ያለባት መንሱራ ናት። መንሱራ ከካይሮ ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በናይል ዴልታ ውስጥ በዳሚዬታ ቅርንጫፍ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። መሐመድ ጎኔም የተባሉት የሽንት አካላት ቀዶ ሐኪም በዚህች ከተማ ንቅለ ተከላ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1976 ሲሆን፣ በ1983 የተከፈተው የሽንት አካላትና የኩላሊት ሕክምና ማዕከል ከዚያ ወዲህ በሕይወት ካሉ ለጋሾች የተወሰዱ ከ3,000 በላይ ኩላሊቶችን ተክሏል። ይህ ቁጥር በብዙ ዋና ከተሞች ያሉ ሆስፒታሎች ያልደረሱበት ነው።

የመንሱራ ሐኪሞች ያመጡት ትልቁ ነገር በሕንፃው ወይም በመሣሪያው ላይ የሚታይ አይደለም። ሐኪሞቹ ሙሉ ጊዜያቸውን ለማዕከሉ እንዲሰጡ ተደረገ፤ የእያንዳንዱ ተቀባይና ለጋሽ መዝገብ ለአሥርት ዓመታት ተጠብቆ እንዲቆይ ተደረገ፤ ከዚያም ሕክምናው ከድሃ አገር ኪስ ጋር እንዲስማማ ጥናት ተካሄደ። ለዚህ የኬቶኮናዞል ነገር ጥሩ ምሳሌ ነው። ኬቶኮናዞል ርካሽ የፈንገስ መድኃኒት ሲሆን፣ ሥራው በጉበት ላይ ከሪፋምፒሲን ተቃራኒ ነው፤ ሳይክሎስፖሪን በሰውነት ውስጥ እንዳይሰባበር ያግደዋል። ብዙዎች ይህን አደገኛ የመድኃኒቶች መጋጨት ብለው ሲያስጠነቅቁ፣ የመንሱራ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ሁለቱን ሆን ብለው አብረው በመስጠት፣ ተቀባዮችን በዕጣ በሁለት ቡድን ከፍለው ተከታተሉና ውዱን ሳይክሎስፖሪን ከግማሽ በላይ መቀነስ እንደሚቻል አሳዩ። ዘዴው የደም ውስጥ መጠንን ቶሎ ቶሎ መለካት ስለሚጠይቅ ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ ገዳይ በሆነ ነበር፤ ላቦራቶሪው ስለነበረ ግን ችግር ብልሃት ወለደ።

ከውጭ የሚመጡ የጎብኚ ሐኪሞች ቡድኖች ነገር ግን ከመንሱራ በተቃራኒ ይቆማል። ታንዛኒያ የመጀመሪያውን ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2017 በዳሬ ሰላም በሕንዳውያን ሐኪሞች እገዛ ካካሄደች በኋላ፣ በ2018 ደግሞ በዶዶማ የሚገኘው የቤንጃሚን ምካፓ ሆስፒታል በጃፓናውያን ባለሙያዎች ድጋፍ ሥራውን ጀመረ፤ ዶዶማ በሕግ ዋና ከተማ ብትሆንም ከዳሬ ሰላም ጋር ስትነጻጸር ትንሽ ከተማ ናት። እንዲህ ያለው ትብብር ብዙ አገሮች የጀመሩበት መንገድ ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም። የሚያሳስበው እንግዶቹ በዓመት ሁለቴ መጥተው፣ በሳምንት ውስጥ ጥቂት ኩላሊቶችን ተክለው ሲሄዱና በመካከሉ ባሉት ወራት የአገሩ ሐኪሞች እጅ ሥራ ሲፈታ ነው። በአሜሪካ አዲስ ማዕከል በመንግሥት የጤና መድን፣ በሜዲኬር፣ ተቀባይነት እንዲያገኝ በ12 ወራት ውስጥ የተወሰነ ዝቅተኛ ቁጥር ያላቸው ንቅለ ተከላዎችን መሥራት ይጠበቅበታል፤ ቁጥሩ ብዙ አይደለም፣ ግን ዜሮ አይደለም። በትንሽ ማዕከል ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ሁለት የቀዶ ሐኪሞች፣ አንድ የኩላሊት ሐኪም፣ ከኩላሊቱ የሚወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚያነብ አንድ የሥነ ደዌ ባለሙያና ሁሉንም በስልክ የምታገናኝ አንድ አስተባባሪ ነርስ ይዞ የተነሣ ማዕከል፣ ከመካከላቸው አንዱ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲሄድ ይቆማል።

ኤልዶሬት የዚህን ሥራ ሁለቱንም ገጽታ በአንድ ከተማ አሳይታለች። ከናይሮቢ ወደ ሰሜን ምዕራብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው በዚህች ከተማ የሚገኘው የሞይ ማስተማሪያና ሪፈራል ሆስፒታል በኬንያ ንቅለ ተከላ ከሚሠሩት ጥቂት የመንግሥት ሆስፒታሎች አንዱ ነው። በዚያችው ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ግን፣ ድሃ ወጣቶች ኩላሊታቸውን ከውጭ ለሚመጡ ገዢዎች ሸጠዋል የሚል ክስ ተነሥቶ፣ የኬንያ መንግሥት በሚያዝያ 2025 የንቅለ ተከላ አገልግሎቱን አግዶ ምርመራ እንዲካሄድ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኢስታንቡል መግለጫ የአካል ንግድንና ለዚሁ የሚደረግ ጉዞን አጥብቆ ያወግዛል፤ የግብፅ የ2010 ሕግም የወጣው በዚህ ንግድ ላይ ገደብ ለማበጀት ነው። ሆኖም መግለጫም ሕግም የሚሠሩት ለጋሹን ለብቻው አስቀምጦ፣ ከሐኪሞቹ ጋር ጥቅም የማይጋራ ሰው ሲጠይቀው ነው። በትንሽ ከተማ ጠያቂውም ተጠያቂውም ሊተዋወቁ ይችላሉ። ገንዘብ ባይኖርም እንኳ የቤተሰብ ጫና አለ፤ ታናሽ እኅት አባቷና አጎቶቿ በተሰበሰቡበት «እሺ» ማለቷ ፈቃድ አይደለም። ጥሩ ማዕከል ለጋሽ ሐሳቡን በለወጠ ጊዜ ምክንያቱን ለቤተሰቡ ሳይገልጥ «ሕክምናው አይፈቅድም» ብሎ ብቻ የሚሸኝበት አሠራር አለው። ለጋሹ ጤናማ ሰው መሆኑ መረሳት የለበትም፤ በአሜሪካ በተደረገ ሰፊ ጥናት ከ10,000 ለጋሾች ሦስት ያህሉ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ሞተዋል። አደጋው ትንሽ ነው፤ ግን የሚወድቀው ምንም ሳያመው በገዛ እግሩ መጥቶ በተኛ ሰው ላይ ነው።

የርቀት ሌላው ዕዳ አቅርቦት ነው። በሱዳን የጀዚራ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በዋድ መደኒ የነበረው የኩላሊት ሆስፒታል ከካርቱም ውጭ ንቅለ ተከላ የሚሠራ ማዕከል ነበር፤ የአገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነት በታኅሣሥ 2023 ከተማዋ ሲደርስ እጥበት ላይ ያሉትም፣ ኩላሊት የተተከለላቸውም ተበተኑ። በመቀሌ ዓይደር ሆስፒታልም በትግራዩ ጦርነት ወቅት የእጥበት ዕቃዎች አቅርቦት በመቋረጡ ሐኪሞቹ በአደባባይ ሕመምተኞቻቸውን ማጣታቸውን ሲናገሩ ተሰምተዋል። መከላከያ የሚያረግብ መድኃኒት ለሳምንት መቋረጥን አይታገሥም፤ ስለዚህ ከማዕከላዊ መጋዘን የራቀ ሆስፒታል በእጁ የወራት ክምችት ሊኖረው ይገባል።

በኢትዮጵያ ንቅለ ተከላ የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ድጋፍና ከቤተሰብ አባላት በሚገኙ ሕያዋን ለጋሾች ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች ሄደው፣ ቤት ሸጠውና ዕርዳታ አሰባስበው ኩላሊት ያስተከሉ ኢትዮጵያውያን ጥቂቶች አይደሉም። እነዚህ ሰዎች ሲመለሱ የሚኖሩት በአዲስ አበባ ብቻ አይደለም፤ በጎንደርም፣ በጅማም፣ በሐዋሳም ይኖራሉ። ይህም ማለት የክልል ሆስፒታሎች ፈለጉም አልፈለጉም የተተከለ ኩላሊት ያለው ሰው በራቸውን ያንኳኳል፤ ትኩሳት ይዞት፣ ተቅማጥ ይዞት፣ መድኃኒት አልቆበት ይመጣል።

በጅማ፣ በጎንደር፣ በባሕር ዳር፣ በመቀሌና በሐዋሳ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች የእጥበት አገልግሎት ተከፍቷል። ማሽኑ ግን መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። ብዙ ሕመምተኞች በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ ሲገባቸው ለሁለት ጊዜ ብቻ ይከፍላሉ፤ የቀራቸውን ቀን በእግር እብጠትና በትንፋሽ እጥረት ያሳልፉታል። ለእነዚህ ሰዎች ንቅለ ተከላ ቅንጦት ሳይሆን በዓመታት ሲሰላ ከእጥበት ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ መውጫ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ መሆኑ ግን ስሌቱን ይጋርደዋል።

ከዚህ ተነሥቶ በየክልሉ የንቅለ ተከላ ቀዶ ክፍል ይከፈት ማለት የችኮላ መደምደሚያ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ እያንዳንዱ የእጥበት ማዕከል ደም መስጠትን በቁጠባ እንዲያደርግና ንቅለ ተከላ የሚስማማቸውን ሕመምተኞች ገና ሳይዳከሙ እንዲለይ፤ ቀጥሎ በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ ኩላሊት የተተከለለት ሰው በአቅራቢያው ባለው ማስተማሪያ ሆስፒታል ክትትሉን እንዲያገኝ፣ ሐኪሙም ከቀዶ ሐኪሞቹ ጋር በስልክና በጋራ መዝገብ እንዲገናኝ፤ የማጣጣሚያ ላቦራቶሪ ከዚያ ይከተላል። ይህ ሁሉ ለጥቂት ዓመታት ያለ መቆራረጥ የሠራበት ሆስፒታል ቀዶ ሕክምናውን ቢጨምር ኩላሊቱ የሚያርፍበት ቤት አለው። ከጅማ ወይም ከጎንደር አንዱ በዚህ መንገድ ሊሄድ ከወሰነ፣ በመጪው ዓመት በጀት ውስጥ ከሁሉ በፊት መግባት ያለበት የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ሳይሆን የታክሮሊመስ መለኪያው መሣሪያና የዓመት ሙሉ ኬሚካሉ ነው።